ኤለመንቱ ሰው ይፈራል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ኬክ አስቆረሰኝ። አለቃዬ ልጄ የምትሆን ፈረንጅ ናት፤ ኬኩ ሳይቆረስ ብድግ ብላ፣ በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የከበደኝ የትኛው እንደነበር ጠየቀችኝ። እኔም ስለ አንድ የፈነዳ ቧንቧ አወራሁላቸው፤ ምድር ቤቱ እንዴት በውሃ እንደተሞላ፣ የተከራዩ ጫማ ሁሉ እንዴት ተንሳፎ እንደዞረ። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። እውነቱን ብነግራቸው አይስቁም ነበር። ከሁሉ የከበደኝ አንዲት ጠብ ጠብ የምትል የኤለመንት ቫልቭ ናት፤ እሷንም ለማስረዳት ጋቢ ምን እንደሆነ፣ አራስ ጥየቃ ምን እንደሆነ መጀመር ሊኖርብኝ ነው። ደግሞ እኔም እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። ብጽፈው ይገባኝ ይሆን ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ሰዓዳ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ስቶክሆልም ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰው ቤት ነው፤ በሰው ኩሽና፣ በሰው መታጠቢያ ቤት፣ በሰው መኝታ ቤት። ሥራችንን ቫክትሜስታሬ ይሉታል፤ የኪራይ ቤቶች ውስጥ አምፖል መቀየር፣ የታፈነ ቧንቧ መክፈት፣ በረዶ መጥረግ፣ የተበላሸውን ሁሉ መጠገን ማለት ነው። ኤለመንት ደግሞ በየመስኮቱ ሥር የተገጠመው፣ ሙቅ ውሃ በሆዱ እየዞረ ቤት የሚያሞቀው ብረት ነው። እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ ሌላው አይቸግራችሁም።

የጀመርኩት ዩልስታ ውስጥ ደረጃ በመጥረግ ነው። ያን ጊዜ ስዊድንኛዬ "እንደምን አደርክ" እና "እርጥብ ነው፣ እንዳትወድቅ" ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ከላይ ፎቅ ውሃ በደረጃው እየተንዶለዶለ ወረደ። ለማን እንደሚደወል አላውቅ፣ ቢያነሱልኝስ ምን ልል ነው። ግን ውሃ የሆነ ቦታ መዝጊያ እንዳለው አውቃለሁ። ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ምድር ቤት ወረድኩና ያገኘሁትን መዘውር ሁሉ ጠመዘዝኩ። ውሃው ቆመ፤ የሕንፃውም ውሃ ሁሉ አብሮ ቆመ። ሩኔ የሚባለው ሽማግሌ ጠጋኝ ሲደርስ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሻምፖ የደረቀበት ሰውዬ በፎጣ ሆኖ እኔ ላይ ይጮህ ነበር። ሩኔ ሰውዬውን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይል መፍቻ አቀበለኝና "ያዥ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያ አልያዝኩም። ኮርስ አስገቡኝ፣ ደሞዝ ጨመሩልኝ፤ ለዘመድ እንደፎከርኩት ባይሆንም አያሳፍርም ነበር።

ሩኔ አፉ የተሰፋ ሰው ነበር። ሰው ቤት ሲገባ ጫማው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ያጠልቅና ማንንም ሰላም ሳይል ቀጥ ብሎ ወደ ተበላሸው ነገር ይሄዳል። ሰላም የሚለው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ነው። ቡና ቢሉት አይጠጣ፣ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥ፤ የራሱን በፔርሙዝ ይዞ ይዞራል። እኔ አብሬው ሆኜ እሸማቀቅ ነበር። በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ አረፍ ሳይሉ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ ሳይሉ ዘው ብሎ ጓዳ መግባት የሌባ ሥራ ነው። አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኩት። ቤቱ እኔ ከመምጣቴ በፊት እንዴት እንደነበረ ማየት አለብኝ፣ አለኝ። አልገባኝም። ፈረንጅ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት፤ ስዊድናዊ ቤት ስገባ የሱን ሥርዓት፣ ሀበሻ ቤት ስገባ የራሴን ይዤ ኖርኩ።

ሌላው ልማዱ ማድረቅ ነበር። የሚያፈስ ቫልቭ ሲያገኝ መፍቻ አያነሳም። በጨርቅ አብሶ አብሶ ያደርቀዋል፤ ከዚያ የሽንት ቤት ወረቀት ቀድዶ በየመገጣጠሚያው ይጠመጥምና ቁጭ ብሎ ያያል። ቀድሞ የረጠበው ወረቀት ጥፋተኛው እሱ ነው። ውሃ ተንሸራትቶ ሌላ ቦታ ስለሚንጠባጠብ ባዩት ቦታ አይፈረድም። ሲፈታም ሁልጊዜ በሁለት መፍቻ ነው፤ አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ቧንቧው አብሮ እንዳይዞር ይይዛል። በአንድ መፍቻ ብቻ ስፈታ ያየኝ ዕለት መፍቻውን ከእጄ ወስዶ መስኮት ላይ አስቀመጠና እስከ ማታ አላናገረኝም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ከተርሞስታቷ ሥር ነው። ተርሞስታት ማለት ቫልቩ ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ ጭንቅላት ናት። በዙሪያዋ ያለው አየር ሲሞቅ ሆዷ ያብጥና አንዲት ቀጭን ዘንግ ትገፋለች፤ ውሃው ይዘጋል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ዘንጓን ትለቃታለች፤ ሙቅ ውሃው ይገባል። ዘንጓ የምትወጣበት ነት ከላላ ወይም ውስጡ ያለው ማሸጊያ ላስቲክ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ካረጀ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ጓርኒሲዮን ዓይኔን ጨፍኜ እቀይረዋለሁ። ጉራ አይደለም፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው።

ከዩልስታ ወደ ሱንድቢበሪ አዛወሩኝ። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ኮምፒውተሩ ላይ የየቤቱን ሙቀት አያለሁ የሚል ነበር፤ ሰው ደውሎ በረደኝ ሲለው "አልበረደህም" ይለዋል። ሩኔ በዚያው ዘመን ጡረታ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቀብሩ ላይ እኔ ሳለቅስ የገዛ ልጆቹ ፀጥ ብለው ቆሙ፤ የቱ ትክክል እንደሆነ ግራ ገብቶኝ እንባዬን በመሀል አቋረጥኩት። ከዚያ ወደ ሮግስቬድ መጣሁ። ቤቴም እዚያው ስለሆነ ሀበሻው ሁሉ ያውቀኛል፤ የታፈነ ሲንክ የማርያም ማኅበር ላይ ያማክሩኛል፣ እኔ እስላሟን ቁጭ አድርገው።

ይህቺ የምነግራችሁ ነገር የደረሰችው ልሰናበት በተቃረብኩበት በመጨረሻው ክረምት፣ በጥር ብርድ ነው። ትዕግሥት የምትባል ልጅ ደወለችልኝ። ለትምህርት መጥታ ሥራ ይዛ የቀረች የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍልና ኩሽና ተከራይታ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ዘመድ ቤት ሄዶ ይተኛል። ትዕግሥት የመጀመሪያ ልጇን ከቀኑ በፊት ወልዳው፣ ጭብጥ የምታህል ነፍስ ይዛ ነው ከሆስፒታል የወጣችው። ያን ልጅ ይዘው ቤት የገቡት፣ ክፍሉ ሞቅ ብሎ እንዲቆይ ነርሷ አጥብቃ አስጠንቅቃቸው ነው። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይመለሳል፤ ነገሩ ይኸው ነበር። አሁን ኤለመንቱ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ቫልቩም ማፍሰስ ጀምሯል አለችኝ።

እንደ ወጉ ከታች ሆኜ ደወልኩ፤ መጣሁ አልኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው፣ እትዬ በላይነሽ፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቁመታቸው ትከሻዬ የማይደርስ ሴትዮ። ወደ ኩሽና አስገብተው ገንፎ አቀረቡልኝ። የአራስ ቤት ገንፎ እንቢ አይባልም፤ እኔም እሱን እበላለሁ፣ እሳቸው አራሷን ላሰናዳ ብለው ክፍሉ ውስጥ ጉድ ጉድ ይላሉ። ስጨርስ ገባሁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት። ክፍሉ ፏ ብሏል፣ መጋረጃው ተሰብስቧል፣ አልጋው ተነጥፏል። ኤለመንቱን ነካሁት፤ ሙቅ ነው። ከሥሩ ሳህን ተቀምጦ ቡናማ ውሃ አጠራቅሟል።

አደረቅሁት፣ ወረቀቴን ጠመጠምኩ፣ ተቀመጥኩ። የረጠበው ከተርሞስታቷ ሥር ያለው ነው። ነቷ ላልታለች፤ ላይዋ ላይ የፒንሳ ጥርስ ምልክት አየሁና ከእኔ በፊት የሠራውን ሰው በሆዴ ረገምኩት። ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ፣ አጠበቅሁ፣ መርቀውኝ ወጣሁ።

ሰንብተው ደወሉ። ያፈሳል። ሌሊትም በረዶ ነው አሉ። ሄድኩ፣ ገንፎዬን በላሁ፣ ገባሁ። ኤለመንቱ ሙቅ፣ ነቷ ላልታለች። በገዛ እጄ ያጠበቅሁትን ነት ማን አላላው? ግራ ገባኝ። አየር ይሆናል ብዬ አስተነፈስኩት። ምድር ቤት ወርጄ ፓምፑን አዳመጥኩ። ጎረቤቶቹን ጠየቅሁ፤ ማንም አልበረደውም። በሌላ ቀን ደግሞ ቫልቩን ራሱን ነቅዬ አዲስ ገጠምኩ። እሱም አፈሰሰ። እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ቤቴ ገብቼ ሶላት ላይ ቆሜ ስለዚያ ነት አስብ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

እትዬ በላይነሽ ነገሩን ወደ ቀልድ ወሰዱት። ኤለመንቱ አንቺን ይፈራል አሉኝ፤ አንቺ ስትመጪ ይሞቃል፣ እግርሽ ሲወጣ ይበርዳል። ሳቅን። ትዕግሥት ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ልጇን ደረቷ ውስጥ ወሽቃ ነው የምትውለው። እናቷ ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ አሁን ተኝቷል እያለች ትመልሳቸዋለች። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተውሼ ባመጣላቸው ነርሷ ከሕፃን አልጋ አጠገብ አይሆንም ብላ አስወጣችው። ከዚያ ቁርጡን ነገረቻቸው። በሚቀጥለው መምጫዋ ክፍሉ እንዲሁ ከሆነ ልጁን ይዛው ትመለሳለች።

ከመምጫዋ በፊት ባለው ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ሄድኩ። ያው ነው፤ ገንፎ፣ ፏ ያለ ክፍል፣ ሙቅ ኤለመንት፣ የላላ ነት። አጠበቅሁ። ኢንሻአላህ ብዬ ወጣሁ። መኪናው ጋ ስደርስ ለካ የእጅ ባትሪዬን ኤለመንቱ ሥር ረስቼዋለሁ። ትዕግሥት የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ተራዋ ደርሶ ቅርጫቷን ይዛ ምድር ቤት ስትወርድ ደረጃው ላይ ተገናኘን። እዚህ አገር ሰው ሞቶበትም የማጠቢያ ተራውን አያሳልፍም። ይግቡ፣ ክፍት ነው አለችኝ። ከታችም አልደወልኩ፣ በሩንም ቆርቁሬ አልጠበቅሁ፤ ቀጥ ብዬ ገባሁ።

እትዬ በላይነሽ በጀርባቸው ቆመዋል። በመጥረጊያው እንጨት ጋቢ ወደ ላይ እየገፉ መስኮቱ አናት ላይ የተመታ ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፤ አንዱን ጫፍ ሰቅለዋል፣ ሁለተኛውን እየሰቀሉ ነው። ጋቢው ከመስኮቱ አናት እስከ ወለሉ ወርዷል። ኤለመንቱ የለም። ተርሞስታቷም የለችም። ሁሉም ጋቢው ሥር ነው። መስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ፒንሳ ተቀምጧል።

ወላሂ፣ ስንቱን ስዊድናዊ "መጋረጃውን ከተርሞስታቱ ላይ አንሳ" ብዬ ተቆጥቻለሁ። ሙቀቱ ጋቢውና መስታወቱ መሀል ታስሮ ይቀራል፤ ያቺ ነጭ ጭንቅላት እዚያ ውስጥ ሆና ቤቱ ሞቋል ትልና ውሃውን ትዘጋለች። ከጋቢው ወዲህ ያለው ሕፃን ይበርደዋል። ሲበርደው ሁለተኛ ጋቢ ይደረባል። ከዚያ እትዬ በላይነሽ ሌሊት ተነስተው፣ ተርሞስታቷ ውሃ መክፈቻ መስላቸው፣ ይከፈትልኝ ብለው አንገቷን በፒንሳ ይጠመዝዛሉ፤ የሚዞረው ግን ነቷ ነው። እኔ ከታች ስደውል ጋቢው ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ቤቱ ለእንግዳ ይሰናዳል። ገንፎዬን እስክጨርስ ኤለመንቱ ይሞቃል። ነርሷ ግን ገንፎ ስለማትበላ ብርዱ ላይ ትደርሳለች። እንግዳ ሊመጣ ቤቱ ጨልሞ፣ ምስማር ላይ ጋቢ ተሰቅሎ ይታይ እንዴ፣ ልጄን ምን ይሏታል አሉኝ፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አወርደው ነበር።

እንዳመጣልኝ አስረዳኋቸው፤ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ እጃቸውን ይዤ ኤለመንቱ ላይ አስቀመጥኩት። መቀዝቀዝ ጀምሯል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ልጁ አጠገባቸው ተኝቷል። እሱን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"እንዲያው እኅቴ፣ ያበረድኩት እኔ ነኝ?"

አፌ ላይ የመጣው እውነቱ አልነበረም። "የለም እትዬ በላይነሽ፣ ቫልቩ ነው" አልኳቸው።

ይህን ስል ትዕግሥት ቅርጫቷን ይዛ ገባች። ጋቢው እጄ ላይ ነው፣ እናቷ አቀርቅረዋል። ምን ተገኘ አለች። እኔም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና፣ ፊቷን ሳየው፣ የእነዚያን ሌሊቶች ንዴት ሁሉ እናቷ ላይ ታወርደዋለች ብዬ ፈራሁ። ስንት አገር አቋርጠው ሊያርሷት የመጡ ሴትዮ የልጅ ልጃቸውን አበረዱት ተብሎ ሊመለሱ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኳት። ቫልቩን አሳስቼ ገጥሜው ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል፣ አዲሱ ቫልቭ እስኪለምድ ግን በምንም አትሸፍኑት። ቫልቭ ይለምዳል ተብሎ ሲነገር የሰማችሁ ካላችሁ እኔን ነው የሰማችሁት። ትዕግሥት ቅርጫቷን አስቀመጠች፣ በጨዋ ደንብ አመሰገነችኝ፣ በሩን ከፈተችልኝ።

በማግስቱ ነርሷ መጣች። ክፍሉ ሞቆ ነው የጠበቃት፤ ልጁ እዚያው ቀረ። ይህን ከሰው ሰማሁ። ከዚያው ጋር ግን ትዕግሥት ለቢሮው ጻፈች። አራስ ቤት፣ ቀኑን ያልጠበቀ ሕፃን ባለበት ቤት፣ የራሷን ስህተት ደጋግማ ስትሠራ የከረመች ሠራተኛ አለች ብላ ነው የጻፈችው፤ በነገርኳት መሠረት ትክክል ናት። አለቃዬ ጠራችኝ። ምን ሆኖ ነው አለችኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቫልቭ ላይ አልላኩኝም። ደክሟታል ብለው ለሌላ ሰጡት፤ እኔን አምፖል፣ በረዶና የቆሻሻ ክፍል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ በትህትና ነው ያደረጉት። እኔ ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ደግ ነው የሠራሁት እላለሁ፤ ደግ ከሠራሁ ለምን እንዲህ ያቃጥለኛል እላለሁ። ነገሩን ገልብጬ ገልብጬ አየሁት፣ መገጣጠሚያውን አጣሁት።

የልጁ ክርስትና አለፈ። አልጠሩኝም፤ ቢጠሩኝም አልሄድም ነበር። አንድ ቀን በእነሱ ሕንፃ ደረጃ ላይ መሰላል ላይ ወጥቼ አምፖል ስቀይር መሰላሉ ተያዘ። ዘወር ብል እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በሁለት እጃቸው መሰላሉን ይዘውልኛል። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። ውረጂ አላሉኝም። እዚያው ሆነው ቀና ብለው ተናገሩ።

"አንቺ ውሸት አትችዪም። ያን ዕለት ገብቶኛል። ለልጄ ትነግሪያታለሽ፣ አፍሬ፣ ተቆጥታኝ፣ ይወጣልኛል ብዬ ስጠብቅ እኔ ነኝ አልሽ። አሁን እኔም አፌ ተያዘ፣ አንቺም እንጀራሽ ላይ ነገር መጣ። ለባሌ አልነግረው፣ ለልጄ አልነግራት፤ ልጁን ባየሁት ቁጥር ያበረድኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ይህን ይዤ እንዴት አውሮፕላን እሳፈራለሁ?"

አምፖሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከጀርባቸው ላወርድላቸው ብዬ ጭራሽ አሥሬባቸው ኖሯል። ምን ይሁን ስላቸው፣ ነይ አብረን እንውጣ አሉ፤ ብቻዬን አልችልም። አምፖሉን ኪሴ ከትቼ ወረድኩ። ደረጃውን ሲወጡ እጄን አጥብቀው ይዘው ነበር፤ መጥፎ ዜና ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነው የሄድነው።

ትዕግሥት ልጁን ታቅፋ ከፈተችልን። እኔን ስታይ ደነገጠች። እትዬ በላይነሽ ሳይቀመጡ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ በሩ ላይ ቆመው ተናገሩት። ፒንሳውን፣ ጋቢውን፣ እኔ ስመጣ እንደሚያወርዱት፣ ስሄድ እንደሚሰቅሉት። "ልጅሽን ሳበርደው የከረምኩት እኔ ነኝ" አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ የልጅቷን ፊት ላለማየት ወለሉን አየሁ።

ትዕግሥት ልጁን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛውራ ተናገረች።

"እማዬ፣ ፒንሳውን አላውቅም። ጋቢውን ግን አብረን አይደል የሰቀልነው? ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። አንቺ እዚያ ትደርሺያለሽ እንዴ?"

ሁለታችንም ቀና ብለን መስኮቱን አየን። ምስማሩ አሁንም እዚያው አናት ላይ ነው። እኔም በእጄ አልደርስበትም። ስንት ጊዜ እዚያ ቤት ገብቼ፣ ያን ዕለትም እትዬ በላይነሽ በመጥረጊያ እንጨት ሲንጠራሩ በዓይኔ አይቼ፣ ይህን ምስማር ማን መታው ብዬ አልጠየቅሁም። ሁለቱ ልጁን ይሞቀው ብለው አብረው የሰቀሉትን እኔ ለአንዷ ሰጥቼ፣ ከዚያ ደግሞ ከሷ ነጥቄ ለራሴ ወስጄዋለሁ። ምንም ያላደረግሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የተቀጣሁትም እኔ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፣ የቱ እንደሚቀድም አላወቅሁም።

ትዕግሥት ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎ ግን ለምን ዋሹን?" አለችኝ። እናትሽን ትቆጫለሽ ብዬ ፈርቼ ነው አልኳት። ከእናቴ ጋር እንዲህ የምሆን ሰው መሰልኩዎት አለችኝ፤ ሳትቆጣ፣ የምሯን ለማወቅ ነው የጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር መስላኝ ነበር። በዚያ እንቅልፍ ባጣችበት ሰሞን ብነግራት ምን ትል እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ያን ከደረቷ የማይለየውን ልጅ ዘርግታ ሰጠችኝ። ይያዙልኝ፣ ቢሮው ሳይዘጋ ልደውል አለች። ስልኳን ይዛ ኩሽና ገባች፤ በስዊድንኛ፣ ስሜን እየጠራች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ስትነግራቸው ይሰማኛል። ጋቢ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስትቸገርም ሰማኋት። እትዬ በላይነሽ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ልጁ ከብዷል፣ ጉንጭ አውጥቷል፤ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ማልቀስ ጀመረ። እሹሩሩ ስለው እንቢ አለኝ።

እትዬ በላይነሽ እጃቸውን አንገቱ ሥር ሰደዱ፤ ሲያወጡት ጣታቸው በላብ ረጥቧል። ጣታቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ኧረ እባክሽ ግለጪለት" አሉኝ፣ "ሞቆታል።"